በአክስቴ አፍ የተናገርኩት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ለእናንተ ልጻፈው።

ያሳደገችኝ አክስቴ ዘሃራ ናት። ቤታችን በከተማው ግንብ ውስጥ፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቿ ስፌታቸውን ይዘው ይመጡና ቀይ አፈር በተቀባው መደብ፣ በነደባው ላይ ይደረደራሉ። አክስቴ እየሰፋች ሁሉንም ትተርባቸዋለች። አንዷን፣ "ይህ ሙዳይሽ እንደ ባልሽ ጠማማ ነው፤ ክዳን አይገጥምለትም" ስትላት ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር። እኔ ጥግ ይዤ ስንደዶ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አብሬ እስቃለሁ።

ባሏ ሲሞት ያ ሁሉ ቀረ። ምግብ ተወች፤ ያለ ምክንያት ትፈራ ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድኳትና የድብርት ክኒን ታዘዘላት። ከጥቂት ወራት በኋላ በላች፣ ተኛች፣ ፍርሃቱም ለቀቃት። ግን ዝምተኛ ሆነች። ስፌቷን እንደያዘች ታንቀላፋለች፤ ጎረቤቶቿም እግራቸውን አሳጠሩ።

አክስቴ የምታውቀው አማርኛ የገበያ ነው፤ የልቧን የምትናገረው በሐረሪ ነው። ሐኪሙ ዘንድ የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ዶክተሩ መድኃኒቱ እንዳለ ይቀጥል ወይስ ቀስ ብለን እንቀንሰው ብለው ጠየቁ፤ የእሷን ሐሳብ ሳይሰሙ እንደማይወስኑም ነገሩኝ። እሷም፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ፍርሃቱ ትቶኛል። እንዳለ ይሁን በያቸው" አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? "እንቅልፍ በዝቶብኛል፣ ይቀንሱልኝ ነው የምትለው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሳቋ ናፍቆኝ ነበር፤ ናፈቀኝ ለማለት አፍሬ የራሴን ምኞት በእሷ አፍ ተናገርኩ። ዶክተሩ ቀነሱላት። እንቅልፏ ወይም ምግቧ ከተበላሸ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ አሉ። ይህንንም ሳልነግራት ዋጥኩት።

መጀመሪያ ላይ ነቃ አለች። ጎረቤቶቿ ተመለሱ፤ አንድ ከሰዓትማ እንደ ድሮው ስትተርባቸው ስንደዶዬን ጥዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ዛሬም ያ ከሰዓት ይናፍቀኛል። በውሸት ያገኘሁትን ነገር እንዴት እናፍቃለሁ? ግን እናፍቃለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሳህኗን ትገፋ ጀመር። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ጠዋት ጠዋት "ምነው ባልነጋ" ትላለች። ምልክቱን አውቀው ነበር፤ ዶክተሩ ነግረውኛል። ከተመለስን ውሸቴ ይወጣል ብዬ ዝም አልኩ። ከእሷ ነፍስ የእኔ ሐፍረት በለጠብኝ? አዎ፣ በለጠብኝ። ልጅ ነበርኩ ብል ውሸት ነው። አላወቅኩም ብልም ውሸት ነው። አይናፋርነትም ምክንያት አይሆነኝም፤ ለመዋሸት ሲሆን ድምፄ አልጠፋም።

ውሃ እንኳ አልጠጣም ስትል ወሰድኳት። ያን ቀን ያለችውን አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ፤ ያደረግሁትንም ወለሉን እያየሁ ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ከዚያ መድኃኒቱን ወደ ነበረበት መለሱ፤ ስለ ማንቀላፋቷም ለብቻው ጠየቋትና የምትወስድበትን ሰዓት ወደ ማታ አዛወሩላት። ቀስ በቀስ ተሻላት።

መንገድ መሄድ ስትችል ገበያ ደርሰን ስንመለስ፣ በኤረር በር ጥላ ሥር አረፍ እንዳለች፣ አፉ በይኝ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ይህን ነገር ከዚያ በኋላ አንስታብኝ አታውቅም። ያን ቀን ግን እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

"ያኔውኑ ይቀንሱልኝ ስትያቸው ሰምቼሻለሁ። እኔ እኮ ከነጋዴ ጋር ቀንስ ቀንስ ስል ነው ያረጀሁት። ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ለራስሽ አንድ ነገር ጠይቀሽ አታውቂም፤ ያን ቀን ስትጠይቂ ብሰማሽ እምቢ ማለት አቃተኝ። ከእንግዲህ የእኔን ለሐኪሙ ንገሪ፤ የራስሽን ለእኔ ንገሪኝ።"