በአቡጀዴ ላይ የወረደው ጎርፍ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ከሙቀቱ በተሸሸገበት ሰዓት፣ የጎረቤቴ ልጅ ናርዶስ እየተንደረደረች ገባች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በስልክ የሚታይ አጭር ፊልም መሥራት ከጀመሩ ወራት ሆኗቸዋል። እሷ ሥዕሉን ትሥላለች፣ አንዷ ታሪኩን ትጽፋለች፣ አንዱ ሙዚቃውን ያዘጋጃል። ያን ዕለት ግን ተጣልታቸው ነው የመጣችው።

«እትዬ ትርሲት፣ ዓይኔ እስኪጠፋ የሣልኩትን ለዘፈኑ አይመችም ብለው ቆርጠው ጣሉት» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ከእንግዲህ ብቻዬን ነው የምሠራው።»

ጊሽጣ ከፍዬ ሰጠኋት። ጊሽጣ እየበሉ መቆጣት አይቻልም፤ ፍሬው ብዙ ስለሆነ አፍ ሥራ ይበዛበታል። እሷ ፍሬ ስትተፋ እኔ ለመናገር ጊዜ አገኘሁ። የነገርኳትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ለእሷ በችኮላ የዘለልኩትንም እየጨመርኩ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ ድሬ በባቡሩ ወርክሾፕ አናጢ ስለነበር ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከኒም ዛፎቹ ጥላ ሥር ነው ያደግኩት። ሥዕል የለመድኩትም እሱ ከሥራ ይዞት በሚመጣው የጣውላ ቁርጥራጭ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማይለዩኝ ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። ነስሮ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ የአጎቱን አሮጌ ኡድ ወርሶ ቀን ከቀን ክሩን ሲነካካ ይውላል። ሆዳን ደግሞ ጸሐፊያችን ነበረች። በሶማልኛ ታስባለች፣ በአማርኛ ትጽፋለች፣ ስትናደድ በኦሮምኛ ትሳደባለች።

ሐሳቡም የእሷ ነበር። የአባቷ እህት ሳህራ ከጀልዴሳ ወተት እያመጣች ትሸጥ ነበር። ሆዳን «ኤዶ» ትላታለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ እኛም ኤዶ ሳህራ እያልን አደግን። ድሬ ላይ ትልቅ ሰውን አንቺ ማለት ነውር ስላልነበር እዚህም እንደዚያው ልጻፋት። ኤዶ ሳህራ አንድ ቀን ትንሹን ልጇን ወርሰሜን ከአህያዋ ጋር ማዶ ትታ፣ ደረቁን የደቻቱን አሸዋ ተሻግራ ወተቷን ልትሸጥ ቀፊራ ገበያ ገባች። ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ስትመለስ የተሻገረችው አሸዋ ወንዝ ሆኖ ጠበቃት። ድልድዩ በሰውና በውሃ ተዘግቷል። ከዚህኛው ዳር ቆማ እስኪመሽ የልጇን ስም ስትጠራ ዋለች። አንድ ጋሪ ነጂ ልጁን ወደ ከፍታው አውጥቶት ኖሮ ምንም አልሆነም፤ እሷ ግን ይህን ያወቀችው ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው።

ሆዳን ይህን ታሪክ በሥዕል፣ በቃልና በኡድ አንድ ላይ እንንገረው አለችን። ልጁን ያወጣው ጋሪ እንዴት እንደነበር ሳይቀር ኤዶ ሳህራን ጠይቀን ፈቃዷን ለመንን። የወተት ዕቃዋን አጥባ ጨረሰች።

«ንገሩት» አለች በመጨረሻ። «ግን እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። ውሸት ከሆነ ተነስቼ እወጣለሁ።»

የቀበሌያችን አዳራሽ ኃላፊ አቶ ጌታሁን ለክረምት መውጫ የወጣቶች ዝግጅት እያሰናዱ ነበር። ያሰብነውን ስንነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሥዕል ይሰቀላል፣ ግጥም ይነበባል፣ ሙዚቃ ይደመጣል። ይሄ እናንተ የምትሉት ምንድን ነው?»

«ሦስቱም ነው» አለች ሆዳን።

«ተራ በተራ አድርጉት።»

«አይሆንም» አልን ሦስታችንም። አንድ ላይ የተናገርነው የመጀመሪያው ቃል እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«እንግዲያው ሞክሩ። ካሳፈራችሁኝ ግን ይህን አዳራሽ ዳግም አትጠይቁኝ» አሉን። ለእኛ ቢጤዎች በሩን የሚከፍት ሌላ መድረክ አልነበረም።

የነስሮ እናት አዴ ፋጡማ ቀፊራ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ስለነበር አንድ ጥቅል አቡጀዴ ሰጠችን። አባቴ ሁለት ቋሚ እንጨት ያለው ሰፊ ሳጥን ሠራልኝ። ጨርቁ ከአንዱ እንጨት እየተፈታ በሌላው ሲጠቀለል ሥዕሉ በተመልካቹ ፊት ያልፋል። ቀለም በሙጫ በጥብጬ ሣልኩ፣ ሆዳን ጻፈች፣ ነስሮ ዜማ አወጣ። እያንዳንዳችን በየቤታችን፣ ማንም ሳያየን።

የመጀመሪያው ልምምድ መከራ ነበር። እኔ ጎርፉን የሣልኩት ዛፍ ተነቅሎ፣ ፍየል ሰጥሞ፣ የቤት ጣሪያ ተንሳፍፎ ነው። ሆዳን ደግሞ ዛፉ ተነቀለ፣ ፍየሉ ሰጠመ፣ ጣሪያው ተንሳፈፈ እያለች፣ ሰው የሚያየውን ሁሉ ከላይ ትደግመዋለች። ነስሮ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል። ሥዕሉ አልቆ፣ ቃሉ አልቆ፣ ነጭ ጨርቅ ፊታችን ተወጥሮ እሱ ገና ከመሀል አልደረሰም።

«ወላሂ፣ አንዴ እንኳ ዓይንህን ብትገልጥ ምን አለበት?» ብላ ጮኸችበት ሆዳን።

«አንቺስ አንዴ እንኳ ዝም ብትዪ? አቦ!» አለና ኡዱን አቅፎ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያም በኋላ እንዲሁ።

ሆዳን ያለ እሱ እንሥራው አለች። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ያለ ኡድ ይሠራ ነበር፣ ያ አይጠፋኝም። ግን ሦስታችንም አቶ ጌታሁን ፊት ቆመን «አይሆንም» ብለናል፤ ያን ቃል ማጠፍ ሞት መሰለኝ። ስለዚህ ቀፊራ ወረድኩ። በሚጥሚጣውና በአብሹ ሽታ መሀል፣ ከጋሪና ከሸክም ጋር እየተጋፋሁ አዴ ፋጡማ ሱቅ ደረስኩ። ነስሮ ጨርቅ እየለካ ቀና ብሎም አላየኝም።

«ውሰጂልኝ» አለች እናቱ ሻሂ እየቀዳችልኝ። «አኩርፎ ሲቆም ደንበኛ ያስበረግግብኛል።»

ሻሂውን ጨርሼ አጠገቡ ቆምኩ። «ምን ቢደረግ ትመለሳለህ?»

ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠ። «ትርሲት፣ አንቺ ስትሥዪ አይቼሽ አውቃለሁ?»

አስቤ አላየኸኝም አልኩት።

«እኔስ ዜማ ሳወጣ አጠገቤ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ? የሠራነውን ነው ያመጣነው፤ ስንሠራ ማንም ማንንም አላየም።»

ያቺን ቃል ይዘን ተመለስን። ከዚያ ወዲያ ሕጋችን አንድ ሆነ፦ አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ አፋቸውንም ይዘጋሉ። ሆዳን አፏን መዝጋት እንዴት እንደከበዳት አምላክ ያውቃል። እኔም ነስሮ አንዲትን ዜማ ደጋግሞ ሲፈልግ፣ ያገኛትን ትቶ ሌላ ሲሞክር መጋላ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ክሩን ከመታ በኋላ ድምፁ እስኪሞት የሚጠብቅበት ጊዜ ነበረው። እኔ ሥዕል ላይ እንዲህ ጠብቄ አላውቅም ነበር፤ ነጭ ቦታ ካየሁ ፍየል እጨምርበታለሁ። እሱም ብሩሼን እያየ ዓይኑን ገልጦ መጫወት ተለማመደ። ሆዳን በሥዕሉ የሚታየውን ከጽሑፏ እየሰረዘች ሄደች። በሰረዘች ቁጥር ፊቷ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ይጨማደድ ነበር፤ ግን ሰረዘች።

ዝግጅቱ ሲቃረብ የክረምቱ የመጨረሻ ዝናብ ጣለ። ሳጥናችንን ያሳደርንበት የአዳራሹ ጣሪያ ያፈሳል። ጠዋት ስንገባ ከጎርፉ ጀምሮ ያለው ጨርቅ በሙሉ ርሶ፣ ቀለሙ ፈስሶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አቶ ጌታሁን ከኋላችን መጥተው አዩና «አይዟችሁ፣ ግጥሙን ብቻ ታነባላችሁ» አሉ በርኅራኄ።

«አናነብም» አለ ነስሮ። «ብሩሽ ስንት አለሽ?»

ከአዴ ፋጡማ ሌላ አቡጀዴ ለምነን አምጥተን ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተንበረከክን። ሆዳንን ሰማይ ቀቢ አልኳት። ነስሮ መሥመር ማስመር ስለማይችል ቡኒ ቀለም በባልዲ ሰጠሁትና ውሃውን እንዲቀባ ነገርኩት። ፈጢራ በማር እየተጎራረስን ቀኑን ሙሉ ሠራን። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ ፈጢራው ሳይቀር ቡኒ ሆነ። ነስሮ ከላይ እስከ ታች፣ ሰማይም ዳርም ሳይተው ጨርቁን በረጅሙ ቀብቶ ሲጨርስ፣ ዛፉንና ፍየሉን ልጨምርበት ብሩሼን አነሳሁ። ሆዳን እጄን ያዘችኝ።

«ተይው» አለች። ጨርቁን ትክ ብላ እያየች ነበር። «ኤዶ ያን ቀን ያየችው ይሄንን ነው። ሌላ ምንም አላየችም።»

ከዚያ ለዚያ ቦታ የጻፈችውን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። «እኔም እዚህ ላይ ስሙን ብቻ ነው የምጠራው።»

ነስሮ የቆሸሸ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እንግዲያው እኔም አልመታም» አለ።

ዝግጅቱ የተደረገው በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ በከዚራና በመጋላ ሰው ሞልቶ በየእጁ ማራገቢያ ይውለበለባል። ኤዶ ሳህራ ከጀልዴሳ ጎረቤቶቿ ጋር ከፊት ተቀምጣለች። እኔ ከሳጥኑ ኋላ ሆኜ እንጨቱን ማዞር ጀመርኩ። ጠዋቱ አለፈ፣ አህያዋ አለፈች፣ አሸዋው አለፈ። ነስሮ ዓይኑን ጨርቁ ላይ ተክሎ ይከተለኛል፤ እጄ ሲዘገይ እሱም ይዘገያል። ከዚያ ቡኒው መጣ፣ ኡዱም ዝም አለ። ሆዳን ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች።

ድምፅ አልወጣትም። አክስቷን ከፊቷ እያየች ቀረች። እኔ ከማዞር ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ባዶው ቡኒ ጨርቅ ያልፋል፣ እንጨቱ ሲጥ ሲጥ ይላል። ያኔ ኤዶ ሳህራ ከወንበሯ ተነሳች። ልትወጣ ነው አልኩ በልቤ።

«ወርሰሜ!» ብላ ተጣራች። «ወርሰሜ!»

ድምፁ የቲያትር ድምፅ አልነበረም። ከደቻቱ ዳር የመጣ ነው። አንድም ሰው አልሳቀ፣ አላጨበጨበም። ነስሮ ቀና ብሎ አያትና ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ፣ በቀስታ መታው። ድምፁ እስኪሞት ጠበቀ። ደግሞ መታው፤ ልጁ ከማዶ አለሁ ያላት ይመስል። ሆዳን ድምፅዋን አገኘች፣ እኔም ጋሪውንና ከላዩ የተቀመጠውን ልጅ አዙሬ አመጣሁ።

ሲያልቅ ኤዶ ሳህራ ወደ ሳጥኑ መጥታ ጨርቁን በመዳፏ ዳሰሰችው። ፊቷ በእንባ ርሷል። «አህያዬ ግን እንዲህ አልከሳችም ነበር» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት አቶ ጌታሁን ለሚቀጥለው ወር ቀን ያዙልን። ከዚያም ለዓመታት አብረን ሠራን፤ በየትምህርት ቤቱ፣ ጀልዴሳ ድረስ ወርደን በዛፍ ጥላ ሥር። ሆዳን ዛሬ ጅጅጋ ታስተምራለች፣ ነስሮ የእናቱን ሱቅ ይዞ ማታ ማታ ልጆችን ኡድ ያለማምዳል። አሁንም ስንገናኝ እንጣላለን። አብሮ መሥራት መስማማት ነው የሚለኝን ሰው አላምነውም። ሌላው ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጦ ማየት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጠብ ሥራውን ያሻሽለዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ናርዶስ ጊሽጣውን ጨርሳ እጇን ታጠበች። «ቆርጠው የጣሉት ሥዕሌስ?» አለችኝ።

«ያንቺ ነው፤ አስቀምጪው። አሁን ግን ያ ልጅ ሙዚቃውን ሲሠራ ሄደሽ አጠገቡ ተቀመጪ። አትናገሪ።»

ስልኳን አነሳችና፣ ፀሐዩ ሳይበርድ ባጃጅ ለመፈለግ ወጣች። እኔም ግድግዳዬን ዞሬ አየሁ። ብቻዬን የሣልኳቸው ሥዕሎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ያምራሉ። ከፊታቸው ተነስቶ የልጁን ስም የተጣራ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።