የእናቴ ካፊኖኖ

እናቴ ከታመመች በኋላ የምትናገረው ሁሉ ለእኛ ማጉረምረም ነበር። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ የምታንቀሳቅሰው ግራ እጇን ብቻ ነው። ሐኪሙ «ንግግሯ ተጎድቷል፣ ታገሡ» ብሎ ወደ ቤት ሰደደን። እኔና እህቴ በየተራ እናበላታለን፣ እናጥባታለን፣ እናገላብጣታለን። እጇን ወደ ራሷ ስትወስድ ራስ ምታት ነው ብለን ሻሿን ጠበቅ አድርገን እናስርላታለን። ያን ጊዜ ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ ቆይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ቤታችን የአማርኛ ቤት ነበር። የአባቴ አያት ከሰሜን ከመጡት ሹማምንት ጋር ቦንጋ የከተሙ ሰው ናቸው። እናቴ ማንኪራ የሚባል የካፋ ገጠር ልጅ ናት፤ ለእኛ ግን አንድም ቀን በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አልተናገረችም። ቋንቋዋን የምሰማው የእናቴ እህት፣ አክስቴ፣ ለገበያ መጥታ ሁለቱ ጓሮ ሲቀመጡ ብቻ ነበር። ጠጋ ስንል ወደ አማርኛ ይመለሳሉ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። በዚያው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የካፊኖኖ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ከከተማም ከገጠርም ሰው አሰባስበው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ይገናኙ ነበር። በኮምፒውተር የሚጽፍላቸው ሲፈልጉ እኔን ጠየቁኝ። ቋንቋው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ መተየቡ አልከበደኝም። ትርጉሙን የማውቀው ግን ከጎኑ ካለው አማርኛ ነበር። የእናቴን ቋንቋ እንደ ባዕድ ነገር ፊደል በፊደል እለቅም ነበር።

አንድ እሑድ መምህሩ እናቴን ሊጠይቁ ቤት መጡ። «እግዜር ይማርዎ» ብለው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። እናቴ እጇን ወደ ራሷ ወስዳ ያንኑ ድምፅ አሰማች። እህቴ ሻሹን ልታጠብቅላት ተነሣች።

«ቆዪ ልጄ» አሏት። ጆሯቸውን ወደ እናቴ አፍ አስጠግተው በካፊኖኖ አንድ ነገር ጠየቋት። ደግማ ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

ሻሿን አመለከቱኝ። «ፍቱልኝ ነው የሚሉት። ጠብቆባቸዋል።»

እህቴ ባለችበት ቀረች። እኔ ፈታሁት። የቋጠሮው ምልክት ግንባሯ ላይ ቀልቶ ነበር። እናቴ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ ቀስ እያለች፣ እየተቆራረጠባት፣ ብዙ ነገር ተናገረች። መምህሩ እየሰሙ ይመልሱላት ነበር።

ሲወጡ በር ላይ «ሕመሙ የወሰደው አማርኛቸውን ነው» አሉኝ። «የልጅነታቸው ቋንቋ አለ። በእሱ አናግሯቸው።»

እህቴ ጓሮ ገብታ ስታለቅስ ቆየች። እኔ ማልቀስም አልመጣልኝም። ስንት ጊዜ እንዳሰርንባት ብቻ ነበር የማስበው።

እናቴ ከታመመች ወዲህ ያልመጣችው አክስቴ ልከንባት ከማንኪራ መጥታ እኛ ጋ ሰነበተች። እኔም ቅዳሜ የተየብኩትን ማታ እናቴ ላይ እሞክራለሁ። ውሃ ትፈልግ እንደሆን ስጠይቃት ማስረዘም ያለብኝን ድምፅ አሳጥሬው ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ። በግማሽ አፏ ፈገግ ብላ አረመችኝ። ከእሷ ያገኘሁትን ለመምህሩ እወስድ ጀመር፤ ቡድኑም አንዳንዴ እቤታችን ይሰበሰባል። ያን ሰሞን ትራሷን ደግፈን ስናስቀምጣት ወግ ያላት ሴት ትመስል ነበር።

አንድ ቀን በአክስቴ በኩል ለምን እንዳላስተማረችን ጠየቅኋት። አክስቴ መልሱን ሰምታ ተረጎመችልኝ።

«ትምህርት ቤት እንዳይሥቁባችሁ ብዬ ነው ትላለች። እሷ ላይ ሥቀውባት ነበር።»

የእናቴን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። መዝገበ ቃላቱ አሁንም አልታተመም፤ የአንዳንዱ ቃል አጻጻፍ ገና ያከራክራል።

በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ በአማርኛ ሲያጽናናኝ ዋለ። አመሻሹ ላይ አክስቴ ከማንኪራ ሴቶች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ ቀና ብላ አየችኝ፤ እህል ቀምሼ እንደሆን በካፊኖኖ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት በዚያ ቋንቋ አናግራኝ አታውቅም። አልቀመስኩም ብዬ በዚያው ቋንቋ መለስኩላት። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። አክስቴ ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ እኔም ተቀመጥኩ።