ዝናብ ሲያባራ የተገኘ ስም

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በውስጡ ያሉት ሁለት ልጆችና ከእነሱ በቀር ማንም ያልተናገረው አንድ ቋንቋ ብቻ ናቸው፤ ይህን ደግሞ ቁም ነገር ብሎ የሚያነብ ሰው ይኖር እንደሆነ እንጃ። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ዶርም ውስጥ ሳነብ ዝናብ ድንገት ቆርቆሮው ላይ ወረደና፣ ጓደኛዬ ከማዶ አልጋ አፏን ስታንቀሳቅስ አያለሁ እንጂ የምትለው ሳይሰማኝ ቀረ፤ ያኔ ቢቸና ያለው ቤታችን ከነድምፁ መጣብኝ።

ክረምት ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የአባባ እኅት የእትዬ ደስታ ልጅ ሙሉቀን ከሞጣ በሚኒባስ መጥቶ እኛ ዘንድ ይከርም ነበር። እኔ ዘጠኝ፣ እሱ አሥር ዓመታችን ነበር። ቤታችን ኮርኒስ ስላልነበረው፣ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንሰማማም ነበር። እየጮህን ስንሞክር ታዲያ አንድ ነገር ደረስንበት፤ ከዝናቡ መሐል አልፈው የሚሰሙት ረጃጅም፣ አፍ ተከፍቶ የሚወጡ ድምፆች ነበሩ። ስለዚህ በእነሱ ቋንቋ ሠራን። ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ «ኢያሎ» ይባል ነበር፤ በዝናብ ድምፅ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ደግሞ «ሙአ» ነበር፤ ሙአ ብዙውን ጊዜ አባባ ነበሩ። ሙሉቀን ሕግ ወዳድ ስለነበረ፣ ሁለታችን ያልተስማማንበት ቃል ቋንቋችን ውስጥ አይገባም፣ ለምን እንደዚያ እንደተባለ ያልተነገረለት ስምም ስም አይደለም ይል ነበር። እኔ ካወጣኋቸው ስሞች ግማሹን ጥሎብኛል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ቃል ያገኘውም እሱ ነው። ከባድ ዝናብ ድንገት ሲያባራ፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ ጎረቤት ሳይጣራ፣ ለአንድ አፍታ ሁሉም ጭር ይላል። ሙሉቀን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጠበቀና «ኦሌማ» አለ። ለዚያች አፍታ በአማርኛ ቃል ፈልገን አላገኘንም። ኦሌማን ለማንም ለምንም ላለመስጠት ተስማማን፤ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ብቻ ቀስ ብለን እንላት ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሙሉቀን ወደ ሞጣ ተመለሰ፣ ወደ ጥቅምት መጨረሻም እማዬ ሦስተኛ ሴት ልጇን ወለደች። የመጀመሪያዋ ዓለም ናት። እኔ ስወለድ ወንድ ሲጠበቅ ስለነበር ትሁን ተባልኩ፤ «እንግዲህ ትሁን፣ ምን ይደረጋል» እንደማለት ነው። ስሜን አልጠላውም ነበር፤ ትርጉሙን ሲጠይቁኝ ግን ቶሎ ብዬ ሌላ ወሬ አነሣ ነበር። እማዬን ሊያግዙ የመጡት እትዬ ደስታ ገንፎውን እያማሰሉ፣ «ይችንማ ይበቃል በሏት! ሦስት ሴት! ወንድሜ ሰርግ ሲደግስ ሊያረጅ ነው!» ብለው ሳቁ። አራስ ጠያቂዎቹም ሳቁ። እማዬም ሳቀች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተኛው ሁሉ ሕፃኗን ይበቃል ይላት ጀመር። እንዲህ ያለ ስም ቶሎ ካልተነቀለ ሥር እንደሚሰድ ከራሴ አውቀው ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ትልልቆቹ ጤፍ አጨዳ ሲውሉ፣ የእማዬን ስልክ ወስጄ ሞጣ ደወልኩ።

«ኦሌማን ስጠኝ» አልኩት ሙሉቀንን።

«ለማን?»

«ለሕፃኗ። እናትህ ያወጡላትን ስም ሰምተህ የለ?»

«አንች፣ ለሰው ከሰጠናት እኮ አለቀ። እናቴ እየጠራቻት፣ ጎረቤት እየጠራት… ከዚያ ወዲያ ምኑ ነው የኛ?»

«እኅታችን ትሆናለች።»

«እኅትሽ!»

ዝም ብዬ ልጠራት እችል ነበር፤ ግን ሁለታችን ያልተስማማንበት ቃል፣ ቃል አይደለም። ማልቀሴን ሲሰማ «ላስብበት» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ታኅሣሥም ምንም ሳይል አለፈ።

ለጥምቀት ከእናቱ ጋር መጣ፤ ስለ ነገሩ ግን ትንፍሽ አላለም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ተነሣች። የክርስትና ስሟን ቄሱ አወጡላት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ጠላው ቀርቦ ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ አባባ፣ «የቤት ስሟስ እንግዲህ? በዚያው እንተወው?» ሲሉ፣ እትዬ ደስታ «ወጥቶ ያደረ ስም ነው፣ ይበቃል!» አሉ። ያኔ ሙሉቀን ከእናቱ ጎን ብድግ አለ።

«ኦሌማ ትባል።»

«ደግሞ የየት አገር ስም ነው?» አሉ እናቱ። «የፈረንጅ ነው?»

«የዚህ ቤት ነው» አለና በጣቱ ጣሪያውን አሳየ። ከዚያም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጩኸቱ፣ ከጩኸቱ ቀጥላ ስለምትመጣው አፍታ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። እንዳይሳቅበት እየፈራሁ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት። አባባ ቀና ብለው ቆርቆሮውን ሲያዩ ቆዩና፣ «እሷንማ እኔም አውቃታለሁ» አሉ። «ዝናቡ ቀጥ ሲል እባንናለሁ። ምን ቀሰቀሰኝ ስል ነበር የኖርኩት።»

«በሉ እንዲያ ከሆነ፣ ይበቃል እኔን በሉኝ!» ሲሉ እትዬ ደስታ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እማዬ ሕፃኗን ከጭኗ ቀና አድርጋ፣ ድምፁን ልክ እንደኛ አስረዝማ «ኦሌማ» አለቻት።

ሙሉቀን የፈራውም አልቀረም። በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ሲያባራ ሁለታችንም ቃሏን ልንል አፋችንን ከፈትን፤ ሕፃኗ እየዳኸች ስትመጣ ግን ሳቅንና ተውነው። ዛሬ ቤታችን ኮርኒስ ስላለው በሐምሌም እንደልባችን እናወራለን፣ እሱም ሞጣ ሱቅ ከፍቷል፤ ስንገናኝ ኢያሎና ሙአ ትዝ ይሉናል እንጂ አንጠቀምባቸውም። እኔም ስሜን ሲጠይቁኝ ትርጉሙን ሳልሸሽ እናገራለሁ። ኦሌማ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ስምሽ ምን ማለት ነው ሲሏት «ዝናብ ሲያባራ» ትላለች፣ በየትኛው ቋንቋ ሲሏት ደግሞ «በእኅቴና በሙሉቀን» ብላ ትሮጣለች። ከዚያች አንዲት ቃል በቀር ሌላው ቀርቷል። ያ ቋንቋ ያበቃው ጥር አሥራ አራት ቀን፣ የክርስትናው ጠላ ሳይነሣ ነው።