በሶዳው ላይ የተጨመረው አንድ ጣሳ

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አራት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንድሟና እናታቸው። ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን አማቴ ተስቦ ይዟቸው እኛ ቤት ተኝተው ነበር። ተስቦን የሚያሻግረው ቅማል ነው። ልብሳቸው ካልታጠበ በሽታው ሁላችንንም ያዳርሳል። ልብስ የምናጥብበት እንዶድ ደግሞ ከሰፈሩ ተሟጧል።

ሳሙና ልሠራ ቆረጥሁ። በጣልያኖች የልብስ ማጠቢያ ቤት ስሠራ፣ ከአንድ የተቀዳደደ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ለብቻዬ ታግዬ የተማርሁት ነገር ነበር፤ በቀመሩ በግራ የገባው በቀኝ ከወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። ሳሙና ለመሆን አንድ የሞራ ቅንጣት ሦስት የኮስቲክ ሶዳ ቅንጣት ይፈልጋል። በክብደት ሲሰላ ለስምንት መቶ ዘጠና ግራም ሞራ መቶ ሃያ ግራም ሶዳ ነው። የነበረን ሞራ የዚህ ዐሥር እጥፍ ስለሆነ ከማጠቢያ ቤቱ ካመጣሁት ቆርቆሮ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሶዳ መዝኜ ለብቻው አስቀመጥሁ።

ባለቤቴ ከሞራው ጋር እንድታፈላው «ይህን ብቻ!» ብዬ ጣልያን ወደ ጠራኝ የመንገድ ሥራ ሄድሁ።

በአራተኛው ቀን ስመለስ በዚያ ሳሙና ማጠብ የጀመረችው ባለቤቴ መዳፎቿ ተልጠዋል።

«ሶዳውን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ወንድሟ። አምበር ገበያ እህል ይነግዳል፤ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ ምርቃት ሳይጨምር ሸማች ሸኝቶ አያውቅም። «ከቆርቆሮው አንድ ጣሳ ምርቃት ጣል አደረግሁበት። እርስዎ በሚዛን ቢሰስቱ እኔም ለእናቴ ልሰስት?»

«ሶዳ ጤፍ ነው? ሞራው ድርሻውን ወስዶ የተረፈው የማንን ሥጋ ይብላ?»

«መቼ ነገሩን?» አለች ባለቤቴ። «‹ይህን ብቻ› ብለው ወጡ እንጂ!»

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እሷ ግን እውነቷን ነው። ሌላው የማያውቀውን ማወቅ ጣፍጦኝ ምክንያቱን ደብቄ ነበር። ልጆቼ፣ ልክ ባለው ነገር ላይ መቸር ደግነት አይደለም። ዕውቀትን መሰሰትም ጨዋነት አይደለም።

ሞራ ቢጨመርበት ሳሙናው ይስተካከል ነበር፤ ሞራው ግን አልቋል፤ ሳሙናው እጅ ስለሚልጥ ልብሱ ሳይታጠብ ቀረ። ባለቤቴ ውሃ መንካት አልቻለችም። እናቱን ቅማል ካለበት ካልታጠበው ልብሳቸው ጋር ማንሣትና ማስተኛት የወንድሟ ሥራ ሆነ። ተስቦው ወደ እሱ ተሻገረ። እሳቸው ዳኑ፤ እሱን ቀበርነው።

ጣሳውን በኋላ መዘንሁት። ሦስት መቶ ግራም ይይዛል። ያ ሦስት መቶ ግራም ያስከፈለን ሲደመር፦ አንድ ድስት ሞራ፣ የባለቤቴ ሁለት መዳፎች፣ የአማቴ አንድ ወንድ ልጅ።