ከሩቅ የተነሳው ቀይ አፋፍ

አዝመራው በላሊበላ ከተማ ሁለት ሥራ ነበረው። በሥራ ቀን የአውራጃው ግብርና ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ገበያው ዳር ነጭ አቡጀዲ ወጥሮ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሚያወጣውን ሁሉ ጉርድ ፎቶ ያነሳል።

ካሜራውን ያገኘው ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ሊጠግኑ መጥተው ከነበሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃቸውን ተሸክሞ ከአምባ አምባ አብሯቸው ዞሯል። አብዮቱ ሲመጣ ሽማግሌው ወደ አገራቸው ገቡ፤ ባለ ሦስት እግሩን የእንጨት ካሜራ ከሁለት ሌንሶች ጋር ትተውለት ሄዱ። አንደኛው ለሰው ፊት የሚሆን ነው። ሁለተኛው ከጣልያን ወረራ በፊት የተሠራ፣ ዙሪያው ናስ፣ መጠኑ ከዶሮ እንቁላል የማይበልጥ ነበር። ያ ትንሽ ነገር ግን አገር ይውጣል። ሌላው ሌንስ በሦስት ፎቶ የማይጨርሰውን ተራራ እሱ በአንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያገባዋል። ታዲያ ሲያገባው ሁሉን ነገር ያርቀዋል። ቤቱ የድንጋይ ክምር፣ በሬው ጥንዚዛ፣ ሰው የገብስ ፍሬ ያክላል። የፎቶው ዳር ዳርም ጠቆር ይላል።

ለጽሕፈት ቤቱ ይህ ሌንስ ሲሳይ ሆነለት። ገበሬው የእርዳታ ስንዴና ዘይት እየተከፈለው ተራራውን እርከን በእርከን ያደርግ ስለነበር፣ የሥራውን ውጤት የሚያሳይ ፎቶ በየዓመቱ ወደ ደሴ መላክ ነበረበት። የተመረጠው ተራራ ቀይ አፋፍ ነው። አዝመራው ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በየግንቦቱ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ ከተራራው ፊት ለፊት ካለው ጠፍጣፋ አለት ላይ ይወጣል። የካሜራውን እግሮች አምና በተከላቸው ቦታ ይተክላል። ያነሳል። ከዚያ ወርዶ ቀይ አፋፍ ከሚኖሩት ከታላቅ እህቱ ከብርቄና ከባሏ ከየሻው ቤት ይበላል።

ብርቄ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራት። «ዘንድሮስ ታየሁ?»

«ታየሽ» ይላታል። በዚያ ፎቶ ላይ አንዱ ሰው ከሌላው አይለይም ነበር፤ ግን ምን ቸገረው፣ ደስ ይላታል።

በ1976 የበልጉ ዝናብ ቀረ። በግንቦት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሙሉሃብት አዝመራውን አስጠሩት። ሙሉሃብት የወገል ጤና ተወላጅ ናቸው፤ ክፉ አይደሉም፣ ነገር ግን ጠንቃቃ ናቸው።

«በመስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው» አሉ። «ደሴ ላይ ኤግዚቢሽን ስላለ የቀይ አፋፍን ፎቶ ጠይቀዋል። ሰው የሞላበት እንዲሆን ይፈልጋሉ።»

«እሺ ጓድ።»

«በሰፊው ሌንስ አንሳው። ሰዉ ይብዛ፤ ፊቱ ግን አይታይ።» ዓይናቸውን ከወረቀቱ አላነሱም። «ገብቶሃል አይደል?»

«ገብቶኛል።»

ገብቶታል። ሰዉ ከስቶ ነበር።

ቀይ አፋፍ ሲደርስ ገበሬ ማኅበሩ ሰዉን አሰልፎ ጠበቀው። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው፣ ወንዱ ዶማ ሴቱ ድንጋይ ይዞ፣ በእርከኑ ላይ በየደረጃው ቆሟል። አዝመራው በመካከላቸው አልፎ ወደ አለቱ ሲሄድ የእግራቸውን ቅልጥም ብቻ እያየ ሄደ። ብርቄ ድንጋይዋን አስቀምጣ ወደ እሱ መጣች። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው።

«አዝመሬ፣ ዘንድሮ እንኳ በቅርብ አንሳኝ።»

«ፊልሙ አንድ ነው እታለም። እሱም የመንግሥት ነው።»

ሦስት ፊልም ነበረው። ሌላው ሌንስም በቦርሳው ውስጥ ነበር። ለምን እንደዋሸ ያን ጊዜም አላወቀው፤ ኋላም አላወቀው።

«እንግዲያው ከወይራው ሥር፣ ሦስተኛው እርከን ላይ እቆማለሁ። በእጄ ምልክት ልስጥህ?»

«እንዳትነቃነቂ። ይህ ሌንስ ዘገምተኛ ነው፤ የተነቃነቀን ሰው ያጠፋዋል።»

«እሺ አልነቃነቅም» አለችና ተመለሰች።

አለቱ ላይ ወጥቶ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናነበ። በካሜራው መስታወት ላይ ቀይ አፋፍ እንደወትሮው ተዘቅዝቆ መጣ፤ ሰማዩ ከታች፣ ሰዉ ከላይ ተንጠልጥሎ። ወይራውን አገኘው። ከሥሩ ያሉትን ግን መለየት አልቻለም። ከጨርቁ ወጥቶ እጁን አነሳ፤ ተራራው ጸጥ አለ። እስከ አራት ቆጥሮ ዘጋው። ከዓመታት በኋላ ያን ሰዓት ምን ተሰምቶት እንደነበር ሊያስታውስ ሲሞክር፣ አለቱ ጉልበቱን እንዳቃጠለው ብቻ ትዝ ይለዋል። ያን ቀን እህቱ ቤት አልገባም፤ የሚቀርብ ነገር እንደሌለ ያውቅ ነበር።

ፎቶው ደሴ ሄዶ በትልቁ ታትሞ ተሰቀለ። የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ጓድ ሙሉሃብት ሠራተኛውን ሰብስበው አነበቡት፤ ተጨበጨበ። አዝመራውም አጨበጨበ።

ክረምቱም እንደ በልጉ ሆነ። በጥቅምትና በኅዳር የገጠሩ ሰው የቤቱን ጣራ እያፈረሰ እንጨቱን ከተማ አምጥቶ ሸጠ፤ ከዚያ የሚሸጥ ሲያጣ ራሱ መጣ። ጽሕፈት ቤቱ ሥራው ሁሉ ስም መጻፍ ሆነ፦ እህል የሚጠብቅ፣ ሐኪም የሚያይ፣ ለሰፈራ ወደ መተከል የሚሄድ። አዝመራው ከጠዋት እስከ ማታ በጠረጴዛ ሥር ጉልበቱን አጥፎ ይጽፋል። ሰዎቹ ቀና ብሎ እንዲያያቸው አይጠብቁም፤ እሱም ቀና አይልም።

በጥር አንድ ቀን ተራ የደረሰው ሰው ጠረጴዛው ፊት ቆመ። የሻው ነበር።

«ብርቄስ?» አለው አዝመራው።

«ቆላ መንገድ ላይ ቀበርናት። ወደ ቆቦ ስንወርድ። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።»

«እግዜር ያጥናህ» አለው፤ ለባዳ ሰው እንደሚባለው። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ «ስም?» ሲል ጠየቀ።

ሃያ ዓመት የሚያውቀው አማቹ ለአፍታ እንኳ አልተገረመም። «የሻው መኮንን» አለ።

«የአያት?»

«ቢሰጥ።»

ጻፈው። በማግስቱ መኪናው የሻውን ወደ መተከል ወሰደው። አዝመራው ለቅሶ አልተቀመጠም። ጎረቤቶቹ ሰምተው ሊያስተዛዝኑት ቢመጡ ሥራ ቦታ ሆኖ አጡት፤ ደግመው አልመጡም። በዚያ ዓመት ሁሉም የየራሱ ሐዘን ነበረው።

በ1978 ዝናቡ ደህና ዘነበና የተረፈው ሰው ወደ ቀዬው ተመለሰ። ያኔ ነው እማማ ገለቴ የተባሉ የቀይ አፋፍ አሮጊት በምርኩዝ ጽሕፈት ቤት የመጡት።

«ልጄ፣ አገሩ ሁሉ የቆመበት ሥዕል አለህ አሉ። የደርበውን ፊት ልየው ብዬ ነው።»

ደርበው አንድ ልጃቸው ነበር፤ ኮረም መጠለያ ሞቷል። አዝመራው ፎቶው እንደማይሆናቸው ሊነግራቸው ፈልጎ ተወው። ኔጌቲቩን ከመዝገብ ቤቱ ሣጥን አወጣ፣ በጨለማው ክፍል ወረቀት ላይ አትሞ አደረቀው፣ ከአጉሊ መነጽር ጋር ሰጣቸው። እማማ ገለቴ ወደ ደጁ ብርሃን ወጥተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። በመጨረሻ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይኸው ደርበው። አቋቋሙን አጣዋለሁ እንዴ!»

የጠቆሙት የእርከኑ መጨረሻ ላይ የተተከለ የወሰን ድንጋይ ነበር። አዝመራው ያን ድንጋይ ለአምስት ዓመት አንስቶታል።

«አዎ እማማ፣ ደርበው ነው» አለ።

ወሬው ተሰማ። ከቀይ አፋፍ ብቻ ሳይሆን ከሙጃ በኩል በጋብቻ የተሳሰሩ ሁሉ መጡ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሳምንት መጥተው ያቺኑ አንዲት የገብስ ፍሬ የምታክል ሰው ጠቆሙ፤ ለአንዷ ባሏ፣ ለሌላዋ ወንድሟ ነበር። ለሁለቱም ሰጣቸው። የፎቶው ወረቀት የመንግሥት ነው፤ ጓድ ሙሉሃብት ወጪውን ያለ ጥያቄ ይፈርሙለት ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ እየፈረሙ፣ «አሁንም ይመጣሉ?» አሉ። «ይመጣሉ» አላቸው። ወረቀቱ እስኪያልቅ ፈረሙ።

አዝመራው ራሱ አንድ ጊዜ አጉሊ መነጽሩን አንስቶ ወይራውን ፈለገ። ሦስተኛው እርከን ላይ፣ ከወይራው ሥር፣ አራት ፍሬዎች ቆመዋል። አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ፎቶውን ወደ ፋይሉ መለሰና ለምሳ ወጣ።

በ1982 ጦርነቱ ቀርቦ ጽሕፈት ቤቱ ተዘጋ። ሙሉሃብት ወደ ደሴ ወረዱ። አዝመራው ጉርድ ፎቶውን ይዞ ገበያ ገበያውን ሲዞር፣ ፍላቂት ድረስም እየሄደ ይሠራ ነበር። በዚያው ዓመት የሻው ከመተከል በእግሩ ተመልሶ መጣ፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ በወባ ቆዳው ገርጥቷል። የፈረሰ ቤቱን ሊሠራ ሰው እንደሚፈልግ ላከበት። አዝመራው ካሜራውን ቤቱ ትቶ ሄደ።

ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያቀብሉና ሲክቡ ዋሉ። ስለ ጭቃውና ስለ ማዕዘኑ ካልሆነ አላወሩም። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ውሃ ሲጠጡ፣ የሻው ጠየቀው።

«ለቅሶዋን ተቀምጠህ ነበር?»

«አልተቀመጥኩም።»

«እኔም አልተቀመጥኩም።»

የሻው ቅሉን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አዝመራውም አጠገቡ ተቀመጠ። ያልተጨረሰው ግድግዳ ትንሽ ጥላ ነበረው። በዚያ ያለፉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነገሩ ገባቸውና፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። ቆይቶም ሌላ ሰው መጣ። ማንም አላለቀሰም። ከብቱ ሲገባ ሰዎቹ ተነሱ፤ ሁለቱም ቆመው አሰናበቷቸው። ከዚያ ጭቃው ሳይደርቅ ጥቂት ድንጋይ ጨመሩ።