ጀማ ወንዝ ነጭ ሆኖ ያየሁት ቅዳሜ

ሰሞኑን መሐል ሜዳ ቤቴ ተቀምጬ ራዲዮ ስሰማ፣ በሩቅ አገር ከባሕር የሚጠመድ ዓሣ በፋብሪካ ኬሚካል ተመርዞ መገኘቱን አወራ። ውሃውን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም አለ ሰውየው። ይህንስ አውቀዋለሁ።

በሃያ ሁለት ዓመቴ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት መርሐቤቴ፣ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነበር። የመንዝ ልጅ ነኝና ዓሣ ቀምሼ አላውቅም፤ ያስለመዱኝ አከራዬ ጋሽ ውብሸት ናቸው። በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ለውሰው ሲጠብሱት ሽታው መንገደኛ ያስቆም ነበር።

ማሽላ በሚታጨድበት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ አብሬያቸው ወደ ወንዙ ወረድኩ። ውሃው ከሥሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ጥርት ብሏል፤ ላዩን ግን ሆዳቸውን ወደ ሰማይ የሰጡ ዓሦች ከዳር እስከ ዳር ሸፍነውታል። ያን ያህል ዓሣ በጀማ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። አንዱን ላነሳ ጎንበስ ስል፣

«አትንኪው» አሉኝ። «ዝንቦቹን እያቸው።»

ዓሦቹ ላይ ያረፉት ዝንቦች ሞተዋል።

ከድንጋይ ሥር ባዶ ጣሳ አነሱ። የማሽላ ተባይ የሚገድሉበት መድኃኒት ጣሳ ነው፤ ከገዛ ቤታቸው የወጣ። ልጃቸው ታደሰ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ዓሣ በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ ሄዷል።

ሌላ ጊዜ አምስት ቦታ የምናርፍበትን ዳገት አንዴም ሳንቀመጥ ወጣነው።

ገበያው መሐል ቆሙና፣ «ዓሣው መርዝ አለበት። መርዙን ውሃው ውስጥ የጨመረው ልጄ ነው። የገዛችሁ መልሱ» አሉ።

ታደሰ አመድ መሰለ። «አባዬ፣ በሰው ፊት?»

«የሸጥከውስ በሰው ፊት አይደል?»

አንዲት ሴት ገዝታ ሄዳለች ሲባሉ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ቤቷ ድረስ ተጓዙ። ስንደርስ ድስቱ ይንተከተካል፤ ሦስት ልጆች ዙሪያውን ይጠብቃሉ። ድስቱን አውርደው ደጅ ደፉት። ታደሰ ከኋላችን መጥቶ ኖሮ፣ የተደፋውን የሚቀብርበት ጉድጓድ ይቆፍር ጀመር። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ሁለት ሳምንት ወንዙ ዳር እየዋሉ ሰውና ከብት ሲመልሱ ሰነበቱ። የሞተ ሰው አልነበረም።

ያኔ የደነቀኝ የጋሽ ውብሸት ፍጥነት ነበር። ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ የሚደንቀኝ ግን፣ ያን ሁሉ ዳገት ልጃቸውን እያሰቡ ወጥተው፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሐሳባቸውን አለመለወጣቸው ነው።