ለውሻ የሚሆን ጩቤ

ረፋድ ላይ ነው... መርሳ ገበያ መሐል ቁጢጥ ብዬ ጩቤ እመርጣለሁ። ቀሚስ የለበሰች፣ ቦርሳ ያንጠለጠለች ልጅ ከወንዶች መሐል ገብታ ጩቤ ስትመዝ ሰው ዞር ዞር እያለ ያያል። እኔ ግን የመጣብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ አንድ ገጠር ቀበሌ በተመደብኩበት ሰሞን ነው። ወልድያ ተወልጄ ያደግኩ የከተማ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ክትባት ያልጨረሰ ሕፃን፣ ክትትል ያልጀመረች ነፍሰ ጡር መፈለግ ነው። ዳገቱን ለመድኩት፣ ፀሐዩን ለመድኩት... ውሻውን ግን አልቻልኩም።

ከሁሉም የባሰው ከማሽላው ማሳ ማዶ ያለው ቤት ውሻ ነበር። እዚያ ቤት ዘሃራ የምትባል የመጀመሪያዋን ያረገዘች ልጅ እንዳለች፣ ሰባት ወር እንዳለፋትና እግሯ ማበጥ እንደጀመረ ጎረቤት ነግሮኛል። የነፍሰ ጡር እግር ሲያብጥ ዝም አይባልም፣ ቶሎ መታየት አለበት።

ሄድኩ። ውሻው የነጠላዬን ጫፍ ቦጨቀው። ደግሜ ሄድኩ። ማሽላ ለማሽላ ስሮጥ የአንድ እግር ጫማዬን ጥዬለት አመለጥኩ። በሦስተኛው እስከ ማሳው ጫፍ ደርሼ ጩኸቱን ስሰማ ፊቴን አዙሬ ተመለስኩ። መንገድ ለመንገድ አለቀስኩ፣ በራሴ በጣም አፈርኩ። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ምን ልል ነው? ውሻ ፈርቼ ነው?

ጩቤ ያማረኝ ለዚህ ነው። ጎረምሶቹ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ሲንጎራደዱ ሳይ፣ እኔስ ምን ይጎድለኛል አልኩ።

ሻጩ ፂማቸውን ሂና የቀቡ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሸራ ላይ ጩቤውን ከነአፎቱ ደርድረዋል።

«ለባልሽ ነው ልጄ?»

«አይ አባባ፣ ለራሴ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ኸማን ጋር ተጣላሽ?»

«ከውሻ ጋር።»

አልሳቁም። እንዲያውም ነጋዴነታቸው ተነሳና የቀንድ እጀታ ያለው መዘው ሰጡኝ። ያዝኩት... ከበደኝ። ረዘም ቀለል ያለ ሰጡኝ። እሱን ቀበቶዬ ላይ ሻጥ አድርጌ ቁጭ ስል ጎኔን ወጋኝ። ሦስተኛውን ከአፎቱ ለማውጣት ስታገል አዩኝና «አንቺ እሱን እስክትመዢ ውሻው ጨርሶሽ ይሄዳል» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ላርግ አባባ? ውሻ አይደለም እኮ፣ ጅብ ነው። ባለቤቶቹስ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ እንደዚያ ያለ አውሬ የሚለቁ? ጫማዬን እንኳ ጥዬ ነው ያመለጥኩት።»

እጃቸው ጩቤው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ጫማው... ሰማያዊ ኮንጎ ነው?»

«አዎ፣ እንዴት አወቁ?»

«የግራ እግር?»

«አዎ...»

«እኔ ቤት ነው ያለ» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሰውየውን ውሻ በሰውየው ጩቤ ልወጋ ነበር እኮ... እሱም ሳይበቃኝ ፊታቸው ላይ ተሳድቤ።

አባባ ይማም ይባላሉ። ዘሃራ የልጃቸው ሚስት ናት። የጤና ሠራተኛዋ መሆኔን ስነግራቸው ለካ ቅያሜ እሳቸውም ነበራቸው። «የጤናዋ ልጅ ሁሉንም ቤት ስትዞር የኛን ብቻ ዘለለች፣ ምን በደልናት እያልን ነበር። ምራቴ በየቀኑ መንገድ መንገዱን ታያለች» አሉኝ። ይሄን ስሰማ እንባዬ መጣ።

ቀጥለው ግን ወደ ምርመራ ገቡ።

«በየት በኩል ነበር የመጣሽ?»

«በጓሮ፣ በማሽላው መሐል። አቋራጭ ነው ብዬ።»

«ስትመጪ ተጣራሽ?»

አልተጣራሁም። እውነቱን ለመናገር በሰው ደጅ መጮህ አሳፍሮኝ ነው። እኛ ሰፈር በር ይንኳኳል እንጂ አይጮህም።

«በጓሮ ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ እኮ ሌባ ነው ልጄ። ውሻው ምን ያርግ፣ ሥራውን ነው የሠራ።»

ይህን ብለው ገበያው ሳይፈታ ሸራቸውን ጠቀለሉ። «አብሽሪ፣ ተነሺ እንሂድ።»

በዋናው መንገድ ዞረን ቤቱ ከርቀት ሲታየን አቆሙኝና «ተጣሪ» አሉኝ።

«ቤቶች... ውሻ ያዙልኝ» አልኩ።

«አጠገብሽ ሆኜ እኔም አልሰማሁሽ።»

ሁለተኛ ስጣራ የገደል ማሚቶ መለሰልኝ። ዘሃራ ሆዷን ደግፋ ብቅ አለችና ያንን አውሬ በአንገቱ ያዘችው። «ተው መከታ» ስትለው ጭጭ አለ። ለካ ስምም አለው።

ቤት አስገብተው ቂጣ በእርጎ አቀረቡልኝ። ከምበላው ቆርሼ ደጅ ለተኛው ውሻ እንድወረውርለት አደረጉኝ። «ኸቤቱ የበላን አይነካም» አሉ አባባ ይማም። መከታ ቂጣውን ዋጠ፣ ተነስቶ ቀሚሴን ዙሪያውን አሸተተ፣ ተመልሶ ተኛ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ከዚያ የዘሃራን እግር አየሁት። በጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል። ራሷንም ሲያማት እንደሰነበተ ያኔ ገና ተናገረች። ያንኑ ዕለት ከባሏ ጋር ሆነን መርሳ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘና መድኃኒት ተጀመረላት፣ ቀኗ እስኪደርስም ሳይለዩ ተከታተሏት። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ልጅቷን ሲያሳዩኝ ከእናቷ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ወዲህ የሰው ውሻ ከማማቴ በፊት፣ ጩቤ የሚሸጥልኝ ሰው ቤቱ የት እንደሆነ እጠይቃለሁ።